ቤቱን ይዞ የሚሄድ መንገደኛ

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ከእናንተ መካከል ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ጅማ በአውቶቡስ ያልተጓዘ ብዙ አይገኝም። ተማሪው ለዕረፍት ወደ ወላጆቹ ሲሄድ፣ አዲሱ የመንግሥት ሠራተኛ ወደ ተመደበበት ወረዳ ሲወርድ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ከመናኸሪያው ይደርሳል፤ ሻንጣው ከጣራ ላይ ይታሰራል፤ ጉልበቱም ከፊተኛው ወንበር ጋራ ሲታገል ይውላል። አውቶቡስ ለእኛ ይህ ነው። እስቲ ዛሬ በሐሳባችሁ ከዚያው አውቶቡስ ውስጥ ሃምሳውን ወንበር ነቃቅላችሁ አውጡና ባዶውን ወለል ተመልከቱት። በወንበሮቹ ፈንታ አልጋ ዘርጉበት፤ ምድጃና ማቀዝቀዣ አስገቡበት፤ ገላ መታጠቢያ፣ ሽንት ቤትና የልብስ ቁም ሣጥን ሥሩለት፤ ወለሉንም በእብነ በረድ አንጥፉት። በመጨረሻ ሁለት ሰው ብቻ አሳፍሩበት፤ ባልና ሚስት። ሹፌሩ ባልየው ራሱ ነው፤ ሲደክመውም ሚስቲቱ ትነዳለች።

እንዲህ ያለው የአውቶቡስ ቤት በአሜሪካና በካናዳ አውራ ጎዳናዎች ላይ ሲያልፍ ይታያል። ብዙ ሰው ፎቶግራፉን ሲያይ «የሀብታም ጨዋታ» ብሎ ገጹን ይገለብጣል። እኔ ግን ቸኩላችሁ እንዳትገለብጡት እለምናችኋለሁ፤ ይህ ዕቃ አንድ የቆየ ጥያቄ ጭኖ ይዞራልና። መንገደኛ ሲመሽበት የማንን ደጅ ያንኳኳል? (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉ።)

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ራሱ እንነጋገር። በካናዳ በኬቤክ ግዛት፣ ሴንት ክሌር በምትባል ስፍራ ኡዤን ፕሬቮ የሚባል የእንጨት ሠራተኛ ነበረ። ሥራው የቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበርና የትምህርት ቤት ዕቃ ማበጀት ነበር። በ1924 በአንድ አዲስ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የአውቶቡስ አካል ከእንጨት እንዲሠራ ታዘዘና ሠራ። ከዚያ ጀምሮ በስሙ የሚጠራው ፋብሪካ አደገ፤ ዛሬ የስዊድኑ የቮልቮ ኩባንያ ንብረት ነው። ከተማሪዎቼ አንዳንዶቹ የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ በደረሰ ቁጥር ፊታቸውን ስለሚያጠቁሩ፣ የአናጢውን ነገር ያነሣሁት ሆን ብዬ ነው።

ይህ ፋብሪካ ለመንገደኞች ከሚሠራቸው አውቶቡሶች ሌላ፣ ሞተሩና ጎማው የተገጠመለት፣ ውስጡ ግን ፍጹም ባዶ የሆነ አካል ለሌሎች ኩባንያዎች ይሸጣል። ባዶውን አካል ቤት የሚያደርጉት እነዚያ ኩባንያዎች ናቸው፤ በኦሪገን ግዛት የሚገኘው ማራቶን ኮች ከታወቁት አንዱ ነው። አልጋው፣ ሽቦው፣ ቧንቧው፣ ቁም ሣጥኑ ሁሉ በባለቤቱ ምርጫ በትእዛዝ ይሠራል። ትልቁ ዓይነት ርዝመቱ 13 ሜትር ከ70 ሳንቲም ነው። ዕቃው ሲሞላ ከ20 ቶን በላይ ይመዝናል፤ በሦስት አክስልና በስምንት ጎማ ይሄዳል። ሲቆም ደግሞ ከግድግዳው ከፊሉ በሞተር ኃይል እንደ መሳቢያ ወደ ውጭ ይወጣና ሳሎኑ ይሰፋል። አዲሱ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል። ይህን ገንዘብ በወር ደመወዛችሁ ለማካፈል እርሳስ አታንሡ፤ ቀኑ ይበላሽባችኋል።

ከእብነ በረዱ ይልቅ ለእኔ የሚያስደንቀኝ ከወለሉ በታች ያለው ነገር ነው። እዚያ ሦስት የውሃ ታንኮች አሉ። በአንዱ የሚጠጣው ንጹሕ ውሃ ይጠራቀማል፤ በሁለተኛው የእጅና የገላ እጣቢ ይወርዳል፤ በሦስተኛው የሽንት ቤቱ ፍሳሽ ይከማቻል። አሜሪካኖቹ ሁለተኛውን «ግራጫ ውሃ»፣ ሦስተኛውን «ጥቁር ውሃ» ይሉታል። ጥቁሩ ውሃ እንደ ማንኛውም ታንክ ይሞላል፤ የሞላ ታንክም የባለቤቱን የባንክ ደብተር አይጠይቅም። ስለዚህ የሁለት ሚሊዮን ዶላሩ ጌታ በየጥቂት ቀኑ የላስቲክ ጓንት አጥልቆ፣ ወፍራም ቱቦ እየጎተተ፣ ለዚሁ ወደ ተዘጋጀ ጉድጓድ የራሱን ጥቁር ውሃ ራሱ ያፈሳል። ሆቴል ያደረ ሰው ይህን ሥራ ማን እንደሚሠራለት ጠይቆ አያውቅም። የአውቶቡስ ቤት ባለቤት ግን የሚጠቀምበትን ውሃ በሊትር፣ የሚያበራውን መብራት በባትሪው መጠን ያውቀዋል፤ ባትሪው ሲደክም የናፍጣ ጄኔሬተሩን ያስነሣል። በየከተማው ቤት የሚኖር ሰው ሁሉ አንድ ወር ያህል እንዲህ ቢኖር የቧንቧ ውሃ ዋጋ ይገባው ነበር።

ናፍጣውም ቀላል ነገር አይደለም። እንዲህ ያለው መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 40 ሊትር ያህል ይጠጣል። ከኒው ዮርክ እስከ ሎስ አንጀለስ 4,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አገሩን ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ 1,800 ሊትር ያስፈልጋል ማለት ነው። ከኋላውም ብዙ ጊዜ አንዲት ትንሽ መኪና ትጎተታለች፤ ዳቦ ለመግዛት 13 ሜትር የሚረዝም ቤት ወደ ጠባብ ሰፈር ይዞ መግባት አይቻልማ።

ስለ ጎማ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ይህ የአውቶቡስ ቤት ለሌላቸውም ይጠቅማል። ጎማ በመሄድ ብቻ የሚያልቅ ይመስለናል። ነገር ግን በመቆምም ያረጃል። የአውቶቡስ ቤት ወራት ሙሉ በፀሐይ ቆሞ ስለሚከርም የጎማው ጥርስ ገና አዲስ ሆኖ ሳለ ላስቲኩ ውስጥ ለውስጥ ይደርቃል፤ አንድ ቀን በፍጥነት ሲሄድ ይፈነዳል። ስለዚህ አዋቂዎቹ ጥርሱን አይተው ብቻ አይተማመኑም፤ ዕድሜውን ይቆጥራሉ። በጎማው ጎን ላይ ከታተመው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዞች ይገኛሉ። 2319 የሚል ብታዩ በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። የፊት ጎማ የፈነዳበት ሹፌር ደግሞ ወዲያው ፍሬን መርገጥ ይቃጣዋል። በእነዚህ ከባድ መኪናዎች ይህ መኪናውን ከመንገድ የሚያስወጣ ስሕተት ነው። ትምህርቱ መሪውን አጥብቆ ይዞ፣ ለአፍታ እንዲያውም ነዳጅ ሰጥቶ፣ መኪናው ቀጥ ካለ በኋላ ቀስ ብሎ ማቆም ነው። በየአገሩ መንገድ የከባድ መኪና ሹፌር የሆነ ዘመድ ያላችሁ ብትነግሩት አይከፋም።

ታዲያ ይህን 20 ቶን የሚነዳው ጡረታ የወጣ ጥርስ ሐኪም ወይም ነጋዴ ሲሆን፣ በብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ለግል ጉዞው እስከ ሆነ ድረስ ልዩ መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም። ተመሳሳዩን አውቶቡስ መንገደኛ አሳፍሮ ሊነዳ ቢፈልግ ግን ፈተና መውደቅ መነሣቱን ያየው ነበር። በበኩሌ ይህን ሕግ አላደንቀውም። ነጂዎቹ ራሳቸው ያወጡት ልማድ ከሕጉ ይሻላል። በቀን ከ300 ማይል፣ ማለትም ከ480 ኪሎ ሜትር በላይ አትንዳ፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ቁም ይላሉ። ቤቱን ይዞ የሚሄድ ሰው የሚቸኩልበት ምክንያት የለውም፤ ወደየትም ቢሄድ አስቀድሞ ደርሷል።

ቤታቸውን ሸጠው ዓመቱን ሁሉ በመንገድ የሚኖሩም አሉ። ብርድ ሲሆን ወደ ፍሎሪዳና ወደ አሪዞና ይወርዳሉ፤ ሙቀቱ ሲበረታ ወደ ሰሜን ይወጣሉ። እኛ የቀበሌና የቤት ቁጥር ስንጠየቅ ያደግን ሰዎች «የእኒህስ አድራሻ የት ነው?» እንላለን። መልሱ አስቂኝ ነው። ብዙዎቹ በደመወዝ ላይ የግዛት ግብር ከማይከፈልባቸው ከቴክሳስ፣ ከፍሎሪዳ ወይም ከደቡብ ዳኮታ አንዱን ይመርጡና፣ ደብዳቤ ተቀብሎ በሄዱበት የሚልክላቸው ድርጅት ይዋዋላሉ። በወረቀት ላይ አገራቸው ያ ነው።

አሁን ወደ ደጁ ጥያቄ እንመለስ። በአሜሪካ እስከ 1964 ድረስ፣ በተለይም በደቡቡ ክፍል፣ ብዙ ሆቴልና ምግብ ቤት ጥቁር ሰው አያስገባም ነበር። ታላቁ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን በ1930ዎቹ ወደ ደቡብ ሲጓዝ ባንዱን በተከራያቸው የፑልማን የባቡር መኝታ ፉርጎዎች ይዞ ይሄድ ነበር። ማታ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ያጨበጨበለት ሰው የሚተኛበት ሆቴል ስለማያገኝ አልጋውን በሐዲድ ላይ አስከትሎ መጣ። ፉርጎው ያማረ ነበር፤ የሚያየው ሰው ቅምጥልነት ይለው ይሆናል። ነገሩ ግን የተዘጋ በር የወለደው ብልኃት ነበረ።

ፉርጎ ለመከራየት አቅም ያልነበረውስ? ለእርሱ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ደረሰለት። ፖስታ አዳይ የነበረው ቪክተር ሁጎ ግሪን በ1936 ጥቁር መንገደኛ የሚያድርበትን፣ የሚበላበትንና ነዳጅ የሚቀዳበትን ቦታ የሚዘረዝር ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። «ግሪን ቡክ» ተባለ፤ ግሪን ስሙም ነው፤ አረንጓዴ ማለትም ነው። የመጨረሻው እትም የወጣው ለ1966 እና ለ1967 ነው። በዚያ ዘመን አውቶቡስ ራሱ ምን እንደ ነበረ አስታውሱ። በታኅሣሥ 1955 ሮዛ ፓርክስ በአላባማ በሞንትጎመሪ ከተማ አውቶቡስ ላይ ወንበሯን ለነጭ አልለቅም ብላ ታሰረች። በግንቦት 14 ቀን 1961 በዚያው በአላባማ፣ በአኒስተን ከተማ አጠገብ፣ ጥቁርና ነጭ አብረው ተቀምጠው የሄዱበት የግሬይሀውንድ አውቶቡስ በሕዝብ ጭፍራ ተቃጠለ። ይህ ሲሆን በሰሜኑ በኩል ያረጁ የመንገደኛ አውቶቡሶችን ገዝተው ቤት የሚያደርጉ ቤተሰቦች መበራከት ጀምረው ነበር። አንድ ዓይነት ተሽከርካሪ ነው፤ ለአንዱ ዕረፍት፣ ለሌላው እሳት ሆነ።

ከዚያው ደቡብ፣ በጆርጂያ ግዛት በ1948 የተወለደ ክላረንስ ቶማስ የሚባል ጥቁር ልጅ አድጎ በ1991 የአገሩ የበላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ። በ1999 ማራቶን ቤት ያደረገውን አንድ ያገለገለ የፕሬቮ አውቶቡስ በ267,230 ዶላር ገዛ። ከባለቤቱ ጋራ በየክረምቱ አገሩን ይዞርበታል። ከባሕር ዳር ይልቅ የዋልማርት መደብር የመኪና ማቆሚያ እንደሚሻለው፣ ተራውን ሰው የሚያገኘው እዚያ እንደ ሆነ በአደባባይ ተናግሯል። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ደስ ይላል። በ2023 ግን ለመግዣው የሆነው ገንዘብ በአብዛኛው ከአንድ ባለጸጋ ወዳጁ የተገኘ ብድር መሆኑ በጋዜጣ ወጣ። በዚያው ዓመት በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የገንዘብ ጉዳይ ኮሚቴ የዴሞክራቶቹ ወገን ሠራተኞች ከዋናው ብድር ብዙው ክፍል ሳይከፈል እንደ ቀረ ገለጹ፤ የዳኛው ጠበቃ ደግሞ ብድሩ አልተማረም፣ ውሉ ተፈጽሟል ሲል መለሰ። እኔ ዳኛ አይደለሁምና አልፈርድም። ግን የማንንም ደጅ ላለማንኳኳት የተገዛ ቤት ገና ሲገዛ የወዳጅ ደጅ አንኳኩቷል። በመንግሥት ወንበር ላይ ገና መቀመጣችሁ የሆነ አንባቢዎቼ፣ እንዲህ ያለ ወዳጅ አንድ ቀን እናንተንም ይጎበኛችኋል፤ ያመጣውም አውቶቡስ ላይሆን ይችላል።

ስለ ዋልማርት ካነሣሁ አይቀር፣ እዚያም ማደር እንዲሁ ዝም ተብሎ አይደለም። ብዙዎቹ መደብሮች ይፈቅዳሉ፤ አንዳንዶቹ ይከለክላሉ። ጨዋ መንገደኛ አስቀድሞ ገብቶ የመደብሩን ኃላፊ ይጠይቃል፤ ከመብራት ምሰሶው ሥር ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ወንበር አውጥቶ አይዘረጋም፤ ለእራቱ የሚሆነውን ከመደብሩ ይገዛል፤ ሲነጋም ይሄዳል። እብነ በረድ የለበሰ ቤት ያለው ሰው፣ በመጨረሻ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ማለቱ አልቀረለትም።

የእኛ ባላገር ለዚህ ቃል ያለውን መልስ ታውቁታላችሁ። «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግባ» ይላል። መደብ ይለቀቅለታል፤ እግሩን ይታጠባል፤ ከየት እንደ መጣ የሚጠየቀው ከበላ በኋላ ነው። እንግዲህ ቤቱን ይዞ የሚመጣ እንግዳ አስቡ። በ1959 እና በ1960 ዋሊ ባየም የተባለ አሜሪካዊ፣ ኤርስትሪም የሚባለውን እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ተጎታች ቤት የሚሠራው ኩባንያ መሥራች፣ 41 ቤቶች በመኪና እያስጎተተ ከኬፕ ታውን እስከ ካይሮ ተጓዘ። መንገዱ በኢትዮጵያ ነበረ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ተቀበሉአቸው። ከደቡብ ጠረፍ እስከ አዲስ አበባ ያለው ጎዳና ያን ጊዜ ለተጎታች ቤት የተሰናዳ አልነበረም። አልጋውም ምድጃውም ውሃውም አብሮት ያለ እንግዳ፣ በመንገድ ዳር ያለ ገበሬ «ግባ» ቢለው ምን ብሎ ይመልሳል? «አልቸገርህም፣ ቤቴን ይዣለሁ» ቢለው ለፈረንጁ ትሕትና ነው፤ ለገበሬው ግን ቤቱን መናቅ ነው። እንግዳ ባለቤቱን የሚያከብረው በመቸገሩ ጭምር መሆኑን መንገድ ያስተማረው ያውቃል።

ይህን ስል ቤት ተሸካሚዎቹ ሰው ይጠላሉ ማለቴ አይደለም። ከሁሉ ይልቅ የምወደውን ታሪካቸውን ልንገራችሁ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እንደ ዛሬው በትእዛዝ የሚሠራ የአውቶቡስ ቤት በቀላሉ አይገኝም ነበር። የአውቶቡስ ኩባንያዎች ብዙ ዓመት ያገለገለውን፣ ለምሳሌ ከ1953 እስከ 1960 የተሠራውን የጄኔራል ሞተርስ 4104 የሚባለውን ዓይነት፣ በርካሽ ሲሸጡ፣ ባለ እጅ የሆነ ሰው ይገዛና በግቢው አቁሞ ወንበሩን በመፍቻ ይነቅላል፤ ሽቦውን ራሱ ይዘረጋል፤ ቧንቧውን ራሱ ይበይዳል፤ ሚስቱ መጋረጃ ትሰፋለች። በ1956 የወጣው ሕግ ያስጀመረው ታላቁ የአውራ ጎዳና ሥራ በየግዛቱ እየተዘረጋ ስለ ነበር የሚሄዱበት መንገድም ተገኘ። ከማራቶኑ እብነ በረድ ይልቅ ይህ ያስቀናኛል።

ሐምሌ 20 ቀን 1963 በሜይን ግዛት ፀሐይ ሙሉ በሙሉ እንደምትጋረድ አስቀድሞ ታውቆ ነበር። ይህን ለማየት 26 ቤተሰቦች ቤት ያደረጉአቸውን መኪናዎች እየነዱ በሂንክሊ ከአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ተሰበሰቡ። እያንዳንዱ አልጋውን፣ ውሃውንና ምድጃውን ይዞ መጥቷል፤ አንዱ ከሌላው የሚፈልገው አንዳች ነገር አልነበረም። ቀኑ ጨለመ፤ ጨለማው አንድ ደቂቃ ያህል ቆየ፤ ፀሐይዋም ተመለሰች። የመጡበት ጉዳይ አልቆ ነበር። እነርሱ ግን ሞተር አስነሥተው በመበተን ፈንታ ተቀምጠው ማኅበር አቋቋሙ፤ ማኅበሩ ዛሬም አለ።